የጥርስ ልኬት በዲጂታል ስካነር፦ ቁጠባው በማን መዝገብ ይቆጠር?

መግቢያ

«አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚለው የእጅ ባለሙያዎች ምክር ወደ ጥርስ ሕክምና ሲመጣ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። የተጎዳን ጥርስ በክራውን ለመሸፈን ሐኪሙ በመጀመሪያ ጥርሱን ዙሪያውን ይሞርዳል፤ ልኬቱን የሚወስደው ከዚያ በኋላ ነው። የተሞረደ ጥርስ ተመልሶ አይበቅልም። ስለዚህ ልኬቱ ቢበላሽ ያለው ምርጫ ታካሚውን መልሶ ጠርቶ እንደገና መለካት ብቻ ነው።

ወደ ድኅረ ምረቃ ትምህርት ከመግባቴ በፊት እሠራበት በነበረ አንድ ክሊኒክ፣ ለአንድ የመንጋጋ ጥርስ ክራውን ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ አራት ጊዜ የተመላለሱ እናት ነበሩ። የመጀመሪያው ጉዞ ለምርመራ፣ ሁለተኛው ጥርሱን ለማዘጋጀትና ልኬት ለመውሰድ ነበር። በሦስተኛው ጉዞ ከላቦራቶሪ የመጣው ክራውን በድዱ ጠርዝ በኩል ክፍተት ስለተገኘበት ልኬቱ እንደገና ተወሰደ፤ በአራተኛው ተገጠመላቸው። ክሊኒኩ ለድጋሚው ሥራ ገንዘብ አላስከፈላቸውም። በክሊኒኩ መዝገብ ላይ የሰፈረው ኪሳራም ጥቂት ሲሊኮንና ጀሶ፣ እንዲሁም ለላቦራቶሪው የተከፈለ ተጨማሪ ሒሳብ ነበር። ደርሶ መልስ 260 ኪሎ ሜትር የሚሆነው መንገድ፣ የአውቶቡሱ ዋጋ፣ ተዘግታ የዋለችው ሱቃቸው ያጣችው ገቢ ግን በማንም መዝገብ ላይ አልሰፈረም።

በሙያ ባልደረቦቼ መካከል ልኬት በዲጂታል ስካነር ይወሰድ ወይስ በተለመደው ሻጋታ ይቀጥል የሚለው ክርክር በተነሳ ቁጥር፣ ነገሩ «ስካነሩ ስንት ነው?» በሚል ጥያቄ ይጀምርና እዚያው ያበቃል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ክርክሩን ከዚያ ማሻገር ነው። አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ዲጂታል ልኬት ወጪ ይቀንሳል፤ ዋናው ቁጠባ የሚገኘው ግን ከሚተርፈው ሲሊኮንና ጀሶ ሳይሆን ከሚቀረው ድጋሚ ሥራ ነው። የድጋሚ ሥራ ወጪ በክሊኒኩ፣ በላቦራቶሪውና በታካሚው መካከል የተበታተነ በመሆኑ ማንም ሙሉውን አይቆጥረውም። በመሆኑም እያንዳንዱ ክሊኒክ በየፊናው ስካነር ከሚገዛ ይልቅ፣ ብዙ ሥራ በሚሰበሰብባቸው የጥርስ ላቦራቶሪዎችና የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ቢጀመር ለአገራችን ይበጃል።

የተለመደው ልኬት የሚያልፍባቸው እጆች

የተለመደው ልኬት ርካሽ መስሎ የሚታየው ወጪው በብዙ ትናንሽ ደረጃዎች ስለተከፋፈለ ነው። ሐኪሙ ለታካሚው መንጋጋ የሚስማማ ትሬይ ይመርጣል፤ የልኬት ማቴሪያሉን ያዋህዳል፤ አፍ ውስጥ አስገብቶ እስኪጠና ይጠብቃል፤ አውጥቶ ያጥባል፤ በፀረ ተሕዋስያን ያክማል፤ ጠቅልሎ ወደ ላቦራቶሪ ይልካል። ቴክኒሺያኑ ደግሞ ጀሶ በጥብጦ ያፈስበታል፤ ሲደርቅ ይከረክመዋል፤ የላይኛውንና የታችኛውን መንጋጋ አጋጥሞ ሥራውን ይጀምራል። በእነዚህ ደረጃዎች ሁሉ ጥቂት ስሕተት ሊገባ ይችላል፤ አንዱ ጋ የገባው ስሕተትም ቀጥሎ ወዳለው ይሻገራል።

የማቴሪያሎቹ ጠባይም በዚህ ላይ ይጨመራል። ከባሕር አልጌ የሚገኘው አልጂኔት ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው ክፍሉ ውኃ በመሆኑ በአየር ላይ ሲቆይ ውኃውን እየለቀቀ ይሸበሸባል፤ ውኃ ውስጥ ቢቀመጥ ደግሞ ይጠጣና ያብጣል። ስለሆነም ጀሶው ሳይዘገይ ሊፈስበት ይገባል። ላቦራቶሪው ከከተማው ሌላ ጫፍ ሆኖ ልኬቱ በሞተር ሳይክል ተጭኖ በትራፊክ መጨናነቅ መካከል ሲጓዝ ይህ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ብቻ ይቀራል። ለክራውንና ለብሪጅ የሚመረጠው ሲሊኮን፣ በተለይም በመደመር የሚጠናው ዓይነት፣ ቅርፁን ለቀናት ጠብቆ ይቆያል፤ ዋጋው ግን ከአልጂኔት በብዙ ይበልጣል፤ ከውጭ አገር የሚገባም ነው። እርሱም ቢሆን ከድድ ሥር ያለው ጠርዝ ላይ የአየር አረፋ ከያዘ ወይም ሲወጣ ከተቀደደ ጥራቱ ብቻውን አያድነውም።

ከወጪ አንጻር ትልቁ ጉዳይ ስሕተቱ መቼ ይታወቃል የሚለው ነው። በሻጋታ ልኬት ሐኪሙ የሚያየው የተገለበጠ ቅርፅ ነው፤ ጉድጓድ የሆነው ጥርስ ነው፤ ጥርስ የመሰለው ክፍተት ነው። ጥቃቅን እንከኖች ብዙውን ጊዜ የሚታዩት ጀሶው ፈስሶ ሲደርቅ፣ አንዳንድ ጊዜም የተሠራው ክራውን አፍ ውስጥ ሲሞከር ነው። በዚያን ጊዜ ታካሚው ከወንበሩ ተነሥቶ ቤቱ ከገባ ሰንብቷል። ስሕተት ዘግይቶ በታወቀ መጠን ማረሚያው እየተወደደ ይሄዳል።

ስካነሩ የሚለውጠው ምንድን ነው?

ጥርስን በብርሃን የመለካት ሐሳብ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ፍራንሷ ዱሬ እ.ኤ.አ. በ1973 ባቀረበው የመመረቂያ ጥናት የኦፕቲካል ልኬትን ሐሳብ አንሥቶ ነበር። በስዊዘርላንድ የዙሪክ ዩኒቨርሲቲው ቨርነር ሞርማን ከኢንጂነር ማርኮ ብራንዴስቲኒ ጋር በሠራው ሴሬክ በተባለ መሣሪያ የመጀመሪያው ታካሚ የታከመው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። የቀደሙት መሣሪያዎች የጥርሱን ነጸብራቅ ለመቀነስ ነጭ ዱቄት እንዲነሰነስ ይጠይቁ ነበር፤ ከዛሬዎቹ አብዛኞቹ ግን ይህ አያስፈልጋቸውም።

የዛሬው ስካነር በአፍ ውስጥ ሲንቀሳቀስ እጅግ ብዙ ምስሎችን ተከታትሎ ያነሳል፤ ሶፍትዌሩም አንዱን ከሌላው ጋር እያገጣጠመ ሦስት ገጽታ ያለው ቅርፅ በስክሪን ላይ ይገነባል። ሐኪሙ የሞረደውን ጥርስ አጉልቶ ያየዋል። ጠርዙ ግልጽ ነው ወይ? ለክራውኑ የሚበቃ ውፍረት ተሞርዷል ወይ? ከላይኛው ጥርስ ጋር በቂ ርቀት አለው ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች ታካሚው ወንበሩ ላይ እያለ መልስ ያገኛሉ። ጉድለት ከተገኘ የጎደለችውን ቦታ ብቻ እንደገና መቃኘት ይበቃል፤ ሙሉ ልኬቱን መጣል አያስፈልግም።

በእኔ እምነት የስካነሩ ኢኮኖሚያዊ ዋጋ የሚመነጨው ከዚህ ነው። ስሕተት የሚታወቅበትን ጊዜ ከሳምንት ወደ ደቂቃ ያወርደዋል። ሌሎቹ ጥቅሞች በዚህ ላይ የሚጨመሩ ናቸው፤ ልኬቱ በኢንተርኔት ስለሚላክ መላላኪያ አያስፈልገውም፤ ፋይሉ ስለሚቀመጥ ክራውኑ ከዓመት በኋላ ቢሰበር መነሻ ይሆናል፤ የጀሶ ሞዴል የሚደረደርበት መደርደሪያና ክፍል ይተርፋል፤ ትሬይ ላንቃቸውን ሲነካ የሚያቅለሸልሻቸው ታካሚዎችም ከዚያ ስቃይ ይድናሉ።

ስሌቱን በቁጥር

ነገሩን ለመጨበጥ አንድ ምሳሌ እናስላ። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች የየትኛውም ክሊኒክ አይደሉም፤ የስሌቱን አካሄድ ለማሳየት የተገመቱ ናቸው፤ አንባቢው የራሱን ቁጥር ሊተካባቸው ይችላል።

አንድ ስካነር ከኮምፒውተሩ ጋር 2,000,000 ብር ወጣበት፤ አምስት ዓመት ያገለግላል እንበል። የእርጅና ቅናሹ በወር 33,333 ብር ገደማ ይሆናል። ለጥገና፣ ለሶፍትዌር ፈቃድና ለመድን በዓመት 200,000 ብር ቢጨመር በወር 16,667 ብር ያህል ነው። እንግዲህ ስካነሩ አንድም ታካሚ ሳያይ በየወሩ 50,000 ብር ይበላል ማለት ነው።

በሌላ በኩል አንድ የሲሊኮን ልኬት ከጀሶውና ከመላላኪያው ጋር 800 ብር፣ አንድ የስካነር ልኬት ደግሞ ለጫፍ ማምከኛና ለመሳሰለው 200 ብር ያስወጣል ብንል፣ በአንድ ታካሚ የሚተርፈው ማቴሪያል 600 ብር ነው። በዚህ ብቻ ስካነሩ ወጪውን ለመመለስ በወር 84 ልኬት ያስፈልገዋል። ብዙ ባልደረቦቼ ስሌታቸውን እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ «አያዋጣም» ብለውም ይደመድማሉ።

አሁን ድጋሚ ሥራን እንጨምር። በተለመደው ዘዴ ከ20 ክራውን ሦስቱ፣ በስካነር ደግሞ አንዱ ድጋሚ ይሠራል እንበል። የአንዱ ድጋሚ ሥራ ዋጋ፣ የሐኪሙን ሰዓት፣ ማቴሪያሉንና የላቦራቶሪውን ልፋት አካቶ 8,000 ብር ቢሆን፣ የሁለት ድጋሚ ሥራዎች መቅረት በአማካይ በእያንዳንዱ ታካሚ 800 ብር ያተርፋል። በእያንዳንዱ ልኬት ከወንበር ጊዜ አሥር ደቂቃ ቢቀነስና ዋጋው 300 ብር ቢገመት፣ ጠቅላላው ቁጠባ 1,700 ብር ይደርሳል። ወጪውን ለመመለስ የሚያስፈልገው ልኬትም ከ84 ወደ 30 ይወርዳል።

በመጨረሻ ታካሚውን ወደ መዝገቡ እናስገባ። አንድ ትርፍ ምልልስ ለትራንስፖርት፣ ለምግብና ለባከነ የሥራ ቀን 3,000 ብር ቢያስወጣው፣ የሁለቱ ምልልስ መቅረት በአማካይ 300 ብር ይጨምራል። ቁጠባው 2,000 ብር፣ የሚያስፈልገው ልኬትም 25 ይሆናል። አማካዩ 300 ብር ነው መባሉ ግን ሊያታልለን አይገባም። ከ20ው ታካሚ 17ቱ አንድም ብር አይከፍሉም፤ ሦስቱ ግን እያንዳንዳቸው 3,000 ብር ሙሉውን ይከፍላሉ። የትኞቹ ሦስት እንደሚሆኑ የሚወስነው የአየር አረፋ ነው።

ከዚህ ምሳሌ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፣ ውጤቱን ከሁሉም በላይ የሚወስነው የድጋሚ ሥራ ብዛት መሆኑ ነው። ክሊኒኩ ከመጀመሪያውም በተለመደው ዘዴ ከ20 አንድ ብቻ የሚደግም ጠንቃቃ ክሊኒክ ቢሆን ኖሮ፣ ለራሱ የሚያተርፈው በልኬት 900 ብር ብቻ ይሆንና ወጪውን ለመመለስ 56 ልኬት ያስፈልገው ነበር። ሁለተኛው፣ የሥራ መጠን ወሳኝ መሆኑ ነው። በወር 10 ክራውን ብቻ የሚሠራ ክሊኒክ 17,000 ብር ቆጥቦ 50,000 ብር ይከፍላል። የጎደለውን 33,000 ብር ከየት ያመጣዋል? በእያንዳንዱ ክራውን ላይ 3,300 ብር በመጨመር ነው። ያን ጊዜ ታካሚውን ከምልልስ ያድናል የተባለው መሣሪያ ከወንበሩ ያርቀዋል። አራት እንዲህ ያሉ ክሊኒኮች በአንድ ስካነር ቢጠቀሙ ግን 40 ልኬት 68,000 ብር ይቆጥባል፤ ወጪው ተሸፍኖ 18,000 ብር ይተርፋል።

የውጭ ምንዛሪ ጉዳይም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን፣ እስከዚያ ድረስ በባንክ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በ20,000 ዶላር የሚገዛ ስካነር ቀድሞ 1,140,000 ብር የነበረው ከ2,000,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። በእርግጥ የሲሊኮኑም ዋጋ በዚያው ልክ ይወደዳል። ልዩነቱ፣ ሲሊኮን እንደ ሥራው መጠን በጥቂት በጥቂቱ ሲገዛ የስካነሩ ዋጋ በአንድ ጊዜ የሚከፈል፣ ብዙ ጊዜም በብድር የሚሸፈን መሆኑ ነው። ሥራ የቀነሰ ክሊኒክ ሲሊኮን መግዛቱን ይቀንሳል፤ ብድሩን ግን ሊቀንሰው አይችልም።

ስካነር የማይረታባቸው ቦታዎች

ሚዛናዊ ለመሆን ስካነሩ የሚሸነፍባቸውን ሁኔታዎች መጥቀስ ያስፈልጋል። ደምና ምራቅ የብርሃን ልኬቱን ያዛባሉ። ጠርዙ ከድድ ሥር ከጠለቀና ድዱ ከደማ ካሜራው የሚያየው ደሙን እንጂ ጥርሱን አይደለም። ድዱን ማከም፣ መግፋትና ማድረቅ በሁለቱም ዘዴዎች የሐኪሙ ኃላፊነት ነው፤ በችኮላ የተዘጋጀን ጥርስ መሣሪያ አያድነውም።

ለአንድ ክራውን ወይም ለአጭር ብሪጅ የዲጂታል ልኬት ትክክለኛነት ከተለመደው ጋር የሚተካከል መሆኑን ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። መንጋጋውን ከዳር እስከ ዳር ለመለካት ሲታሰብ ግን ምስሎቹ በተገጣጠሙ ቁጥር ጥቃቅን ስሕተቶች እየተደማመሩ ይሄዳሉ። ጥርስ ጨርሶ የሌለበት አፍ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው፤ ለስላሳና እርጥብ የሆነው ድድ ለሶፍትዌሩ መለያ የሚሆን ምልክት አይሰጠውም፤ ይንቀሳቀሳልም። ለሙሉ ተነቃይ ጥርስ የድዱን ጠርዝ በእንቅስቃሴው ውስጥ የሚቀርጸው የተለመደው ልኬት ዛሬም ቦታውን አልለቀቀም። ተነቃይ ጥርስ የሚያሠሩት በአብዛኛው አረጋውያን በመሆናቸው፣ ልኬት በስካነር ብቻ ይሁን ማለት እነርሱን መዘንጋት ነው።

ሌላው የሚዘነጋ ነገር የሰንሰለቱ ቀጣይ ክፍል ነው። ክሊኒኩ በስካነር ለክቶ ፋይሉን ሲልክ ላቦራቶሪው ፋይሉን ተቀብሎ የሚነድፍበት ሶፍትዌር ከሌለው፣ ሞዴሉ በሦስት ገጽታ ማተሚያ ታትሞ ወደ ተለመደው አሠራር ይመለሳል። በአንድ በኩል የተቆጠበው በሌላ በኩል ይከፈላል። የመብራት መቆራረጥ፣ የኢንተርኔት ዝግታ፣ የጥገና ባለሙያ እጥረትና ሥራውን የተማረ ባለሙያ መልቀቅም ወጪዎች ናቸው። ስካነሩ ለጥገና ወደ ውጭ ተልኮ በሚቆይባቸው ሳምንታት ክሊኒኩ ወደ ትሬዩ ይመለሳል፤ የወር ክፍያው ግን አይቆምም።

ከየት እንጀምር?

በዚህ ክርክር ሁለት ጽንፎች ይደመጣሉ። አንዱ «የጥርስ ሐኪም ራሱ ባልበዛበት አገር ስካነር ቅንጦት ነው» ይላል። ሌላው «ዓለም የደረሰበት ደርሰን በነገው ዕለት ሁሉም ክሊኒክ ይግዛ» ይላል። የመጀመሪያው፣ ሐኪም ባነሰበት ቦታ የሐኪም ሰዓት ይበልጥ ውድ መሆኑን ይዘነጋል፤ በድጋሚ ሥራ የባከነ አንድ ሰዓት ተራ የሚጠብቅ ሌላ ታካሚ ሰዓት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከላይ ያየነውን የ33,000 ብር ጉድለት ማን እንደሚሞላው አይናገርም።

ለእኔ የሚታየኝ መንገድ በደረጃ የሚሄድ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ምንም መሣሪያ አይጠይቅም፤ ደብተር ብቻ ይበቃዋል። እያንዳንዱ ክሊኒክ ለሦስት ወራት ያህል ስንት ልኬት እንደወሰደ፣ ስንቱ እንደተደገመ፣ የተደገመበትን ምክንያትና ታካሚው ከየት እንደመጣ ይመዝግብ። ይህን ቁጥር ሳያውቁ ስካነር መግዛትም፣ አልገዛም ማለትም በግምት መሄድ ነው። ምናልባትም ምዝገባው ራሱ ችግሩ ከጀሶ አበጣጠስ ወይም ከመጓጓዣ መዘግየት የመጣ መሆኑን ያሳይና በጥቂት ወጪ መፍትሔ ይገኝለታል።

ሁለተኛው ደረጃ ዲጂታሉን ከላቦራቶሪው መጀመር ነው። በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ የላቦራቶሪ ስካነር የጀሶ ሞዴሉን፣ አንዳንዱም ሻጋታውን ራሱን፣ ማንበብ ይችላል። የዚርኮኒያ ክራውን በኮምፒውተር ተነድፎ በማሽን የሚፈለፈል በመሆኑ ይህን ክራውን የሚሠራ ላቦራቶሪ ሞዴሉን ወደ ዲጂታል መቀየሩ አይቀርም። አንድ ላቦራቶሪ የብዙ ክሊኒኮችን ሥራ ስለሚቀበል የሥራ መጠን ጥያቄ እዚህ ቀላል ይሆናል። ይህ መንገድ ሻጋታው ላይ የሚፈጠረውን ስሕተት አያስቀርም፤ ነገር ግን ቴክኒሺያኑ አጉልቶ ያየውን እንከን በምስል አስደግፎ በዚያው ዕለት ለሐኪሙ ሊልክለት ይችላል። ክራውኑ ከመሠራቱ በፊት የታወቀ ስሕተት ከተሠራ በኋላ ከታወቀው እጅግ ይረክሳል። ከሩቅ የመጣው ታካሚም ምናልባት ገና ከከተማው አልወጣ ይሆናል።

ሦስተኛው ደረጃ የአፍ ውስጥ ስካነርን በማስተማሪያ ሆስፒታሎች ማኖር ነው። እነዚህ ተቋማት ከየአካባቢው የሚላኩ ታካሚዎችን ስለሚቀበሉ ከሩቅ የሚመጣው ሰው የሚበዛው እዚያ ነው፤ ስለዚህ ከምልልስ መቅረት የሚገኘው ጥቅም የሚጎላውም እዚያው ነው። ስካነሩ በዚያው የማስተማሪያና የምርምር መሣሪያ ይሆናል። ሆኖም ተማሪው ትሬይና ሲሊኮንን ሳይለምድ ስካነር ብቻ ይዞ ቢመረቅ፣ የሚመደበው ስካነር በሌለበት ጤና ተቋም ሊሆን ስለሚችል ጉዳቱ ለታካሚው ይተርፋል። ሁለቱም ጎን ለጎን ሊሰጡ ይገባል። የግል ክሊኒኮችም ቢሆኑ በአንድ ሕንፃ ወይም በአንድ ሰፈር የሚሠሩ ከሆነ በውል ተስማምተው በጋራ ሊገዙ ይችላሉ፤ ውሉ ግን ስካነሩ ወድቆ ቢሰበር ማን እንደሚጠግን አስቀድሞ መናገር አለበት።

በግዥ ጊዜ መታየት ያለባቸው ነጥቦችም አሉ። ስካነሩ የሚያወጣው ፋይል እንደ ኤስ.ቲ.ኤል. ባለ፣ የትኛውም ላቦራቶሪ ሊከፍተው በሚችል ቅርጽ ይሁን፤ አለበለዚያ ገዢው ለአንድ አምራች የዕድሜ ልክ ደንበኛ ይሆናል። ዓመታዊ የፈቃድ ክፍያው ቢቋረጥ መሣሪያው መሥራቱን ይቀጥላል ወይ ተብሎ በጽሑፍ ይጠየቅ። ወደ አፍ የሚገባው ጫፍ በአውቶክሌቭ ስንት ጊዜ ሊመከን እንደሚችልና የምትኩ ዋጋ ከስሌቱ ውስጥ ይግባ። የታካሚው ልኬት የግል መረጃው በመሆኑ፣ ፋይሉ የት አገር በሚገኝ ሰርቨር ላይ እንደሚቀመጥ መታወቅና ከግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ጋር መጣጣሙ መረጋገጥ ይኖርበታል።

በዚሁ መስክ ለምንሠራ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም የሚተርፍ ሥራ አለ። የወጪ ጥናት ስናካሂድ የክሊኒኩን ደረሰኝ ብቻ ሰብስበን «ወጪ» ብለን ማቅረብ አንችልም። ታካሚው ስንት ቀን እንደመጣ፣ ከየት እንደመጣ፣ ምን ሥራ ትቶ እንደመጣ መጠየቅ አለብን። ይህ በመጠይቁ ላይ ሦስት ጥያቄ መጨመር ነው፤ የጥናቱን ድምዳሜ ግን ከሥር መሠረቱ ሊለውጠው ይችላል።

መደምደሚያ

ዲጂታል ስካነር ከተለመደው ልኬት ይረክሳል ወይ ለሚለው ጥያቄ ሐቀኛው መልስ «በወር ስንት ትለካላችሁ፣ ስንቱንስ ትደግማላችሁ?» የሚል ነው። ሥራ በሚሰበሰብበትና ድጋሚ ሥራ በበዛበት ቦታ ስካነር ወጪውን ይመልሳል፤ ጥቂት በሚሠራበት ክሊኒክ ደግሞ ዕዳው ወደ ታካሚው ዋጋ ይሸጋገራል። ለዚህም ነው ከላቦራቶሪዎችና ከማስተማሪያ ሆስፒታሎች እንጀምር የምለው፤ ለዚህም ነው ከመግዛት በፊት ድጋሚ ሥራ ይቆጠር የምለው።

ከደብረ ብርሃን የተመላለሱት እናት በመጨረሻው ቀን ክራውኑ ሲገጠምላቸው አመስግነው ሄዱ፤ ቅሬታ አላሰሙም። ቅሬታ ባለማሰማታቸውም ጉዳዩ በክሊኒካችን መዝገብ ላይ «በሰላም የተጠናቀቀ» ተብሎ ተዘጋ። ያ መዝገብ አንድ ተጨማሪ ዓምድ፣ ታካሚው ስንት ጊዜ ተመላለሰ የሚል ዓምድ ቢኖረው ኖሮ፣ የስካነሩን ዋጋ ስንከራከር በእጃችን የምንይዘው ማስረጃ ይኖረን ነበር። ዓምዱን ለመጨመር ዛሬም አልረፈደም፤ የውጭ ምንዛሪም አይጠይቅም።